መልስ፦ አባቴ ሬስቶራንት አለው፣ ፋፍሳ (የአሜሪካ መንግሥት የኮሌጅ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ፎርም) ብሞላ ዋጋ አለው?

እህቴ፣ «ቢዝነስ ያለው ቤተሰብ ምንም አያገኝም ብለውኛል፣ ልተወው ወይ?» ላልሽው፣ በፍጹም እንዳትተዪው። የነገሩሽ ነገር አሮጌ ነው። በ2024-25 የትምህርት ዘመን ፎርም ላይ የትንንሽ የቤተሰብ ንግዶች ዋጋ እንደ ሀብት መቆጠር ጀምሮ ነበር፣ ያኔ ብዙ ልጅ ተጎድቷል። በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከ2026-27 ጀምሮ ያንን አስቀርቶታል። ንግዱ በቤተሰብ እጅ ከሆነና የሙሉ ሰዓት ሠራተኞቹ ከ100 ካልበለጡ ዋጋው እንደ ሀብት አይቆጠርም። የአባትሽ ሬስቶራንት ደግሞ ስድስት ሠራተኛ ነው ያለው ብለሻል።

ገቢው ግን ይቆጠራል። የ2026-27 ፎርም የሚያየው የ2024ን ታክስ ነው። ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሬስቶራንቱ በዓመት የ400 ሺህ ዶላር ሸጠ ማለት አባትሽ 400 ሺህ አገኙ ማለት አይደለም፣ ኪራዩ፣ ሥጋው፣ ጤፉ፣ የሠራተኛው ደሞዝ ሁሉ ከወጣ በኋላ የቀረችው ትርፍ ናት የምትታየው። ስለዚህ ታክሱ በትክክል ይሠራ። እኛ ቤት የእናቴ ሱቅ ደረሰኞች በፌስታል ታጭቀው፣ ግማሾቹ በርበሬ ነክቷቸው፣ አንድ በአንድ ስንለቅም ነው ያመሸነው፤ ግን ትርፉ በጣም ወርዶ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት ድጋፍ አገኘሁ።

አንዳንድ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ፎርም ይጠይቃሉ። እሱ የንግዱንም ዋጋ ያያል፣ ዕዳውን መጻፍ እንዳትረሺ። ከ2024 ወዲህ ሥራው ከቀዘቀዘ ደግሞ ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ማስረጃ አያይዘሽ ጻፊላቸው፣ ጉዳይሽን እንደገና የማየት ሥልጣን አላቸው።