ከሲንኩ ሥር የተቀመጠችው ጡብ

ሰሞኑን አንዲት በቅርቡ የተመረቀች ልጅ «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ኢንጂነር ይለኛል። አርክቴክት ነኝ ስል ደግሞ ‹አሃ፣ ቤት ትስያለሽ› ይሉኛል። እርስዎ ምን ብለው ነው የሚያስረዱት?» አለችኝ። እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ። እኔን ግን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በእሷ ዕድሜ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነድፌ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ያኔ በትሬሲንግ፣ ማለትም ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ የንድፍ ወረቀት ላይ፣ በቀለም ነበር የምንሠራው። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ይፋቃል፤ ሲበዛ ወረቀቱ ይበሳል። አመልካች ጣቴ ላይ ጠባሳው እስካሁን አለ። ያን ሁሉ ምላጭ የጨረስኩት ታዲያ በሕንፃው ፊት ለፊት ላይ ነው። የመግቢያውን ቅስት ብቻ አራት ጊዜ ፍቄ ሠርቼዋለሁ።

ግንባታው ሊያልቅ ሲል የሳይቱ ዘበኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ተከተሉኝ። «ኢንጂነር፣ ይቺ የእጅ መታጠቢያ...» ብለው ጀመሩ። አላስጨረስኳቸውም። «አባባ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ አርክቴክት ነኝ» አልኳቸው። ልዩነቱንም ቆሜ አስረዳኋቸው። ኮለኑ፣ ማለትም ምሰሶው፣ ስንት ብረት እንደሚፈልግ የሚያሰላው ሌላ ሰው ነው፤ የእኔ ሥራ ሰው ቤቱን እንዴት እንደሚጠቀምበት ማሰብ ነው አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ብዬ። «እሺ ጌታዬ» ብለው ዝም አሉ። እኔም ሰዓቴን አይቼ ሄድኩ።

ትምህርት ከተጀመረ ከወራት በኋላ ፎቶ ላነሳ ተመለስኩ። የቅስቱን ፎቶ፣ ሌላ ምን አለኝ! ከዚያ ወደ መጸዳጃው ጎራ ስል በየሲንኩ ሥር አንዳንድ ጡብ ተቀምጧል። አንዲት ልጅ ጡቧ ላይ ወጥታ፣ በሆዷ ሲንኩ ላይ ተለጥፋ፣ በጣቷ ጫፍ ቧንቧውን ትፈልጋለች። ሲከፈትላት ውኃው በክንዷ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ምንም አልመሰላትም፤ ለምዳዋለች።

ሲንኩን 85 ሳንቲ ሜትር ላይ አሰቅዬው ነበር። የአዋቂ ልክ ነው። ለነሱ 50 ምናምን ይበቃ ነበር። ቁጥሩን ከሌላ ሥራ ገልብጬ ነው ያለፍኩት። ጡቦቹን የደረደሩት ዘበኛው ናቸው። «ያኔ ልነግርዎ ነበር» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚገርመው፣ አርክቴክት የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክኛ ሲፈታ «ዋና ግንበኛ» ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከግንበኛ ጋር አታምታቱኝ ስል ነው የኖርኩት።

እናንተ ወጣት አርክቴክቶች፣ ስለ ሶፍትዌርና ስለ ሰዓት አክባሪነት አልመክራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። የዛሬ ልጆች ሬንደራችሁ ላይ፣ በኮምፒውተር በምትሠሩት የሕንፃ ምስል ላይ፣ ያለው ሰው ሁሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቦርሳ ያነገበ ነው። ወለል የሚወለውል የለም። ሕፃን ካለም ፊኛ ይዞ ነው። እርግጥ እኛም አልተሻልንም፤ እኛ ጭራሽ ሰው አንስልም ነበር።

አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. የሙያችንን ትልቅ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ሲሸለም ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ስሙን ያስጠራው በትውልድ መንደሩ፣ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ባለችው ጋንዶ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ትምህርት ቤት ነው። በጭቃ ጡብ የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ጭቃ ዝናብ አይችልም ብለው ሲጠራጠሩት ቁጭ ብሎ ማሳመን ነበረበት። እሱ ሲያስረዳ ስለ ጡቡ ነበር። እኔ ስለ ማዕረጌ።

ስለዚህ ኢንጂነር ቢሏችሁ፣ ሰዓሊ ቢሏችሁ፣ ተዉት። ፕላኑ ላይ ግን ስማችሁ ተፍቆ የሌላ ሰው ከገባ እንዳትተዉ፤ እስከ መጨረሻው ተከራከሩ። ይጋጫል? ይጋጭ።

እኔ ዛሬ ሳይት ላይ «ኢንጂነር!» ብሎ የጠራኝ ካለ «አቤት» ብዬ እቆማለሁ።