ሂሳብ በፌርማታ፦ ለአዲስ መምህራን

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ሻይ እየጠጣሁ አንዲት አዲስ መምህርት አገኘችኝ። ድሮ አስተምሬያታለሁ። አሁን አምስተኛ ክፍል ሂሳብ ይዛለች። «ቲቸር፣ ሰሌዳው ላይ ሃያ ጥያቄ እጽፋለሁ። አምስት ልጆች ይሠራሉ፣ ሌላው ከእነሱ ይኮርጃል። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አወራን። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

እኔ ልምምድ የማሠራው በፌርማታ ነበር። እንደ ባጃጅ መስመር አስቡት። ልጆቹ በቡድን ሆነው አንድ ፌርማታ ላይ ይወርዳሉ። እዚያ የሚጠብቃቸውን ሥራ ይሠራሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ፌርማታዎቹን የሚያያይዛቸው አንድ ጉዳይ ነው። አንድ ሳምንት ቅዳሜ ገበያ፣ ሌላ ሳምንት የጣና ወደብ፣ ሌላ ጊዜ ድልድይ።

የመጀመሪያው ቀን ግን አልተሳካልኝም። ሌሊቱን ከካርቶን ዓሣ ስቆርጥ፣ ስቀባ አደርኩ። ስምንት ፌርማታ አዘጋጀሁ። ልጆቹ ተደሰቱ፣ ክፍሉ ተናወጠ፣ ጎረቤት ክፍል ያለው መምህር መጥቶ አንኳኳ። ደወሉ ሲደወል ደብተራቸውን ሰበሰብኩ። ምንም የለበትም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ዓሣው ላይ የጻፍኩት «48 ÷ 6» ነበር። ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ያው ጥያቄ ነው። ዓሣው ጌጥ ብቻ ነበር። ዓሣው ባይኖርም ጥያቄው ያው ነው፤ ጥያቄው ባይኖርም ዓሣው ያምራል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ራሴን እጠይቃለሁ። ታሪኩ ሂሳቡን ይፈልገዋል ወይ?

በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ዓሣ ይዤ ገባሁ። 24 ዓሣ በአንድ ፌስታል። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ «ከጣና የወጣውን ዓሣ ሦስት ሰው ቢካፈለው የአንተ ድርሻ ይበልጣል ወይስ አራት ሰው ቢካፈለው?» ከዚያ በፊት «ሲሶ ይበልጣል ወይስ ሩብ?» ብዬ ስጠይቅ ግማሹ ክፍል «ሩብ!» ይለኝ ነበር። አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ነዋ። አንዱ ልጅ ዓሦቹን ዴስኩ ላይ ደረደረ። ለሦስት ሲያካፍል ስምንት ስምንት ደረሳቸው። መልሶ ሰበሰበና ለአራት አካፈለ። ስድስት ስድስት ሆነ። የራሱን ክምር ትክ ብሎ አየና «እንዴ! አራተኛው ሰው ባይመጣ ይሻለኝ ነበር» አለ። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ሩብና ሲሶ ተምታቶበት አላየሁም። እኔ ለሁለት ሳምንት ክብ እየሳልኩ ያላስረዳሁትን ነው የካርቶን ዓሣ ያስረዳው።

ከፍ ላሉት ክፍሎች ደግሞ ባሕር ዳር ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለላችሁ። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። «በአንድ ጎኑ ከዳር እስከ ዳር በየ20 ሜትሩ የመብራት ምሰሶ ብንተክል ስንት ምሰሶ ያስፈልገናል?» በሏቸው። 20 ሜትሩ የእኛ ግምት መሆኑን ንገሯቸው። ሁሉም አካፍለው 19 ይሏችኋል። አትመልሱላቸው። ባቄላ ስጧቸውና የ60 ሜትር ትንሽ ድልድይ መሬት ላይ ይሥሩ። ክፍተቱ ሦስት፣ ባቄላው አራት ይሆናል። ያኔ ራሳቸው ወደ ትልቁ ድልድይ ይመለሳሉ፤ ምሰሶው 20 ነው። ማካፈሉ ልክ ነበር፣ የቆጠሩት ግን ክፍተቱን ነው። ይህን ስህተት አጥር ሲያጥሩ ትልልቅ ሰዎችም ይሠሩታል።

የምወደው ፌርማታ ግን የጣና ነው። ሐይቁ ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ። ኪሎ ሜትሩን በሴንቲ ሜትር ተክታችሁ 84 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣና ወለሉ ላይ በቾክ ሳሉ። «ጥልቀቱስ በዚሁ ልኬት ስንት ይሆናል?» በሏቸው። አንዱ ክንዱን፣ አንዱ ጣቱን ያሳያል። ሲያሰሉት 0.14 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከአንድ የደብተር ወረቀት ብዙም አይወፍርም። በጀልባ ዘጌ ደርሰው የመጡ ልጆች ፈጽሞ አያምኑም። ደግመው ያሰሉታል። ሳታዝዟቸው ደግመው የሚያሰሉት ጥያቄ ማግኘት ቀላል አይደለም።

«ክፍሌ ውስጥ 60 ልጅ አለ፣ ዴስኩም አይንቀሳቀስ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የእኔም እንደዚያ ነበር። ስለዚህ ልጆቹን አላዞርም፣ ፌስታሉን ነው የማዞረው። ልጆቹ እንደተቀመጡ ሥራው ወደ እነሱ ይመጣል። ስምንት ቡድን፣ አራት ዓይነት ሥራ፣ እያንዳንዱ በሁለት ቅጂ። በ40 ደቂቃ ውስጥ አራቱንም ለማዳረስ አትሞክሩ። ዛሬ ሁለት፣ ነገ ሁለት ይበቃል። ጠጠር፣ ቆርኪ፣ በቆሎ፣ ካርቶን፤ ሌላ ወጪ የለውም። በቡድን ውስጥ ደግሞ ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው፤ አለበለዚያ አንዱ የቀለም ልጅ ሁሉንም ይሠራና ሌሎቹ ያጨበጭባሉ።

እናንተስ የት ትሆናላችሁ? ክፍሉን ስትዞሩ አትዋሉ። አንድ ፌርማታ ምረጡና ቁጭ በሉ። ከባዱን ምረጡ። ልጅ ሲያስብ የሚሰማው ከጎኑ ሲቀመጡ ነው። ገበያው ፌርማታ ላይ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ሎሚ የሚሸጥ ተማሪዬ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የ51 ብር ዕቃ ተሽጦ ከ100 ብር መልስ ይሰጣል። ሰሌዳ ላይ መበደር ያለበት መቀነስ አንድ ቀን አሳክቶ አያውቅም። እዚህ ግን ቀና ሳይል «ዘጠኝ ስልሳ፣ አርባ መቶ፤ አርባ ዘጠኝ» አለ። እየቀነሰ አይደለም፣ ከ51 ተነስቶ እስከ 100 እየደመረ ነው። ስንት ወር «መቀነስ አይችልም» ብዬ ማርክ ሰጥቼዋለሁ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ የእሱን መንገድ ጻፍኩና ለክፍሉ እንዲያስረዳ አደረግኩ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ግን ጨረሰ።

እንግዲህ አንድ ፌስታል ይዛችሁ ጀምሩ። መልሱን ከሥራው ወረቀት ጀርባ ጻፉት፣ ሥራቸውን ራሳቸው እንዲያርሙ። ፌስታሉ ሲመለስም ዓሦቹ 24 መሆናቸውን ራሳቸው ልጆቹ ይቁጠሩ። አንድ ሁለቱ መጥፋታቸው አይቀርም፤ ትንንሾቹ ቤት ይዘው መሄድ ይወዳሉ። አትቆጧቸው። አራት አምስት ትርፍ ዓሣ ቆርጣችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ።