መብረቅን ከጠፈር ማየት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ከሳተላይት የመጣ ቁጥር ወይም ምስል ምን ያህል ይታመናል የሚለው ላይ። የሚመሳሰሉትን አጣምረን መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ያረፈበት የደመና አናት ዓይን ያጥበረብራል። ሳተላይት በጠራራ ፀሐይ መብረቅን እንዴት ይለያል?

አራት ዘዴዎች ተደራርበው ነው። አንደኛው ቀለም ነው። መብረቅ ያለፈበት አየር እጅግ ሲግል የኦክስጅን አተሞች 777.4 ናኖሜትር ላይ ደማቅ ብርሃን ይለቃሉ። መሣሪያው ላይ 1 ናኖሜትር ገደማ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይገጠማል። የፀሐይ ብርሃን በቀለማት ሁሉ የተዘረጋ ስለሆነ በዚህ ጠባብ መስኮት የሚገባው ጥቂቱ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። አንድ የመብረቅ የብርሃን ምት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ይቆያል። ስለዚህ ካሜራው በየ2 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 500 ጊዜ ያነሳል። ፍሬሙ (አንዱ ምስል የሚነሣበት ጊዜ) በረዘመ ቁጥር የደመናው ብርሃን እየተጠራቀመ ምቱን ይውጠዋል። ሦስተኛው የፒክስል ስፋት ነው። ብርሃኑ በደመናው ውስጥ ተበታትኖ ሲወጣ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የደመና አናት ያበራል፣ ፒክስሉም ከዚያ ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል። በአሜሪካ ጎስ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ላይ ያለው ጂኤልኤም የተባለ የመብረቅ መሣሪያ ከሳተላይቱ በታች 8፣ ወደ ዳር ደግሞ 14 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ፒክስል አለው። ፒክስሉ ከልክ በላይ ቢሰፋ ያልበራ ደመና ይገባበታል፤ ከልክ በላይ ቢጠብ ደግሞ ምልክቱ ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ይደክማል። አራተኛው ቅነሳ ነው። ለእያንዳንዱ ፒክስል ከቀደሙት ፍሬሞች የተሰላው የደመናው ብርሃን ይቀነሳል፤ የቀረው ከተወሰነ ወለል በላይ ከሆነ ብቻ ይመዘገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቀንና ሌሊት እኩል አይሆኑም። በ1997 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዚህ ዓምድ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንዲሁ) ወደ ምሕዋር በወጣው ትሪም ሳተላይት ላይ የነበረው ሊስ የተባለ የመብረቅ መሣሪያ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ከብልጭታዎቹ 69 በመቶ፣ ሌሊት ደግሞ 88 በመቶ ያህሉን ይይዝ ነበር። ቀን 69፣ ሌሊት 88 የቆጠረ ሰው «ሌሊት ይበዛል» ቢል ይሳሳታል፤ በየራሳቸው መጠን ሲካፈሉ ሁለቱም 100 ናቸው። ሐሰተኛ ብልጭታም አለ። ሳተላይቱ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ የብሩህ ደመና ጠርዝ ከፒክስል ወደ ፒክስል ይዘላል፣ መሣሪያውም መብረቅ ይመስለዋል። የውኃ ላይ የፀሐይ ነጸብራቅ፣ በደቡብ አትላንቲክ ላይ ዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ያሉትን መሣሪያዎች የሚመቱ የጨረር ቅንጣቶች፣ እንዲሁም በሳተላይቱ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከምድር ጠርዝ አልፎ ሌንሱ ውስጥ የሚገባ የፀሐይ ብርሃን ሌሎቹ ምክንያቶች ናቸው። መረጃችሁ ላይ ብልጭታዎቹ ደመና በሌለበት ከተደረደሩ፣ ወይም የደመና ጠርዝን ተከትለው መስመር ከሠሩ ተጠራጠሩ።

ጥያቄ፦ የጂኤልኤም ፋይሎችን አውርጄ ቆጠርኩ። ውጤቴ ከባልደረባዬ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የት ተሳሳትኩ?

የቆጠርከው ኢቨንት ነው፤ ባልደረባህ የቆጠረው ፍላሽ ሳይሆን አይቀርም። ፋይሉ ውስጥ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ኢቨንት ማለት አንድ ፒክስል በአንድ የ2 ሚሊ ሰከንድ ፍሬም ከወለሉ በላይ መብራቱ ነው። በዚያው ፍሬም ጎን ለጎን የበሩ ፒክስሎች አንድ ግሩፕ ይሆናሉ። እርስ በርስ በ330 ሚሊ ሰከንድና በ16.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ግሩፖች ደግሞ አንድ ፍላሽ ናቸው። በተለምዶ «አንድ መብረቅ» የምንለው ይህን የመጨረሻውን ነው። አንድ ፍላሽ በደርዘን የሚቆጠሩ ኢቨንቶችን ሊይዝ ስለሚችል ልዩነቱ አያስገርምም። የሊስ የርቀት መለኪያ ግን 5.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሁለቱን መሣሪያዎች ቁጥር እንዳለ ጎን ለጎን አታስቀምጥ።

ሌሎች ወጥመዶችም አሉ። እያንዳንዱ ፋይል 20 ሰከንድ ብቻ ስለሚሸፍን አንድ ሰዓት 180 ፋይል ነው። 171 ፋይል ካለህ ቁጥሩን ለ60 ሳይሆን ለ57 ደቂቃ አካፍል። በፋይሉ ስም ላይ ያለው ቀን ወርና ዕለት አይደለም፤ ከጥር 1 ጀምሮ ከ001 እስከ 366 የሚቆጠር የዓመቱ ቀን ነው፤ ሰዓቱም ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው። ከዚያ የጥራት መለያውን ተመልከት፤ 0 የሆነውን ብቻ ያዝ።

የቦታ ስሕተትም ከዳር ሲታይ ይጎላል። ሶፍትዌሩ ብርሃኑ ከተወሰነ የደመና ከፍታ እንደወጣ አድርጎ ነው ቦታውን የሚያሰላው። ትክክለኛው ከፍታ ከዚያ በ5 ኪሎ ሜትር ቢለይና ሳተላይቱ ቦታውን ከቀጥታ 60 ዲግሪ አዘንብሎ የሚያየው ቢሆን፣ ነጥቡ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ከራዳር ጋር አልገጥም ያለ መረጃ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ሳተላይት መብረቁ መሬት መምታቱን ያውቃል?

በቀጥታ አያውቅም። የሚያየው ከደመናው አናት የወጣውን ብርሃን ነው፤ ደመና ውስጥ የቀረውም መሬት የመታውም ከላይ ተመሳሳይ ይመስላሉ። ይህን የሚለዩት ከ3 እስከ 30 ኪሎ ኸርዝ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ የሚያዳምጡ የምድር ጣቢያዎች ናቸው፤ መሬት የሚመታ መብረቅ በዚህ ክልል ጠንካራ ምልክት አለው። ጥሩ ሥራ የሚወጣው ሁለቱ በጊዜና በቦታ ሲጣመሩ ነው። የማስጠንቀቂያ ሥራ ግን ይህን ልዩነት አይጠብቅም፤ የብልጭታው ቁጥር በድንገት መጨመሩ ደመናው እየበረታ መሆኑን ይናገራል።

ጥያቄ፦ እስከ ዛሬ የተመዘገበው ረጅሙ መብረቅ ስንት ነው?

829 ኪሎ ሜትር። ጥቅምት 22 ቀን 2017 ከምሥራቅ ቴክሳስ ተነሥቶ ካንሳስ ሲቲ አካባቢ ደርሷል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ያጸደቀው በ2025 ነው። በወቅቱ ሳይታይ ቀርቶ የተገኘው የጂኤልኤም መረጃ እንደገና ሲመረመር መሆኑን ልብ በሉ። የዕለት ተዕለቱ ሶፍትዌር እጅግ የሚረዝሙ ፍላሾችን ቆራርጦ ስለሚመዘግብ መልሶ ማያያዝ ያስፈልጋል። በቆይታ ክብረ ወሰኑን የያዘው ሌላ ነው፤ ሰኔ 18 ቀን 2020 በኡራጓይና በሰሜን አርጀንቲና ላይ 17.102 ሰከንድ ዘልቋል።

ጥያቄ፦ ከደመና በላይ የሚታዩት የብርሃን ክስተቶች፣ ስፕራይት፣ ኤልቭና ሰማያዊ ጄት በምን ይለያያሉ? ከጠፈርስ እንዴት ይለዩአቸዋል?

መንስኤያቸው የተለያየ ነው። ስፕራይት የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ መብረቅ ብዙ ፖዘቲቭ ቻርጅ ከደመና ወደ መሬት ሲያወርድ ነው። ከደመናው በላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በድንገት ይለወጣል፤ 70 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በጣም ስስ ስለሆነ ያ መስክ ይበቃዋል፣ ናይትሮጅኑም ቀይ ያበራል። ከ50 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች፣ ቢበዛ በአሥሮች ውስጥ ይጠፋል። የመጀመሪያው ምስል የተገኘው ሐምሌ 6 ቀን 1989 በሚኒሶታ በደብዛዛ ብርሃን በሚሠራ የቴሌቪዥን ካሜራ ነው።

ኤልቭ ግን የቻርጅ ሳይሆን የሞገድ ውጤት ነው። መብረቁ የለቀቀው የኤሌክትሮማግኔቲክ ምት 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ አዮኖስፌርን (በኤሌክትሪክ የተሞላውን የላይኛውን የአየር ንብርብር) ከታች ሲመታው፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ቀለበት በአንድ ሚሊ ሰከንድ ውስጥ በርቶ ይጠፋል። ሰማያዊ ጄት ከደመናው አናት ራሱ ወደ ላይ የሚተኮስ ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ግዙፍ ጄት የሚባለው አዮኖስፌር ድረስ ይዘልቃል።

አሁን ወደ መለየቱ። ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ኮለምበስ ክፍል ውጫዊ አካል ላይ የተተከለው አሲም የተባለ መሣሪያ ሦስት የብርሃን መለኪያዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 100,000 ጊዜ ይለካሉ። አንዱ 777.4 ናኖሜትርን ያያል፤ ይህ ተራውን፣ የጋለውን የመብረቅ ቦይ ያሳያል። ሁለተኛው 337 ናኖሜትር ነው፤ ይህ ያልጋለ አየር ውስጥ የሚሮጡ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ጅረቶች የሚለቁት የናይትሮጅን ሰማያዊ ነው። ሦስተኛው ከ180 እስከ 230 ናኖሜትር ያለውን አልትራቫዮሌት ያያል። ከደመና የሚነሣውን አልትራቫዮሌት ኦክስጅንና ኦዞን መንገድ ላይ ይውጡታል፤ 90 ኪሎ ሜትር ላይ ከሚፈጠር ኤልቭ የሚመጣው ግን ሳይነካ ይደርሳል። ስለዚህ ሰማያዊው ጎልቶ 777.4 ከደከመ ክስተቱ ከደመናው አናት ነው፤ አልትራቫዮሌቱ በአጭር ምት ከዘለለ ኤልቭ ነው።

የካቲት 26 ቀን 2019 በናኡሩ ደሴት አቅራቢያ የተመዘገበው ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያሳያል። እያንዳንዳቸው 10 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ የቆዩ አምስት ሰማያዊ ብልጭታዎች ታዩ፤ ከመካከላቸው አንዱ 52 ኪሎ ሜትር ገደማ የደረሰ ጄት አስነሣ፤ ኤልቮችም ተመዝግበዋል። ብልጭታዎቹ ከደመናው አናት መሆናቸው የታወቀው ከአጭርነታቸው ነው። ከጥልቅ የሚነሣ ብርሃን በበረዶና በውኃ ቅንጣቶች መካከል እየተጋጨ ስለሚወጣ ምቱ ይለጠጣል፤ የ10 ማይክሮ ሰከንድ ስለት ያንን መንገድ አልፎ እንደተሳለ ሊወጣ አይችልም። ከመላው ዘርፍ እኛን ይበልጥ የሚማርከን ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ነው፤ አንድም ምስል ሳያስፈልግ ጥልቀት ከጊዜ ይነበባል።

ቀጥታ ወደ ታች ማየት ድካም አለው፤ ስፕራይቱ ከሥሩ ካለው መብረቅ ጋር ይደራረባል። በ2004 የወጣው የታይዋኑ ፎርሞሳት-2 ሳተላይት ላይ የነበረው አይሱዋል የተባለ መሣሪያ ወደ ምድር ጠርዝ አዘንብሎ ስለሚያይ ከፍታቸውን ይለይ ነበር። ከሦስቱ ብዙውን ቁጥር ኤልቭ እንደሚይዝም ያሳየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ መብረቅ ጋማ ጨረርና ፀረ ቁስ ይፈጥራል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1991 የተላከው ኮምፕተን የጋማ ጨረር ታዛቢ የሩቅ ኮከቦችን ጨረር ሲጠብቅ ከምድር የሚመጡ አጫጭር ብልጭታዎች ያዘ፤ ግኝቱ በ1994 ታተመ። ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ያለው ጠንካራ መስክ ኤሌክትሮኖችን ከብርሃን ፍጥነት ጋር እስኪቀራረቡ ያጣድፋቸዋል፤ ከአየር ጋር ሲጋጩ ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ያስነሣሉ፣ ጋማ ጨረርም ይለቃሉ። ጠንካራው ጋማ ደግሞ የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ጥንድ ይወልዳል፤ ፖዚትሮን የኤሌክትሮን ፀረ ቁስ ነው።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2009 ፌርሚ የተባለው የጠፈር የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ በግብፅ ላይ ሲያልፍ ነጎድጓዱ 4,500 ኪሎ ሜትር ርቆ ዛምቢያ ውስጥ ነበር። ከአድማስ በታች ስለሆነ ጋማው በቀጥታ ሊደርስ አይችልም። የደረሱት በምድር መግነጢሳዊ መስመር ተመርተው የመጡ ኤሌክትሮኖችና ፖዚትሮኖች ናቸው። ፖዚትሮኖቹ ሳተላይቱ ላይ ሲጠፉ የለቀቁት የ511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት መስመር ማንነታቸውን ገለጠ። ያለፉትም መስመሩ ላይ ተንጸባርቀው ከ23 ሚሊ ሰከንድ በኋላ እንደገና አለፉ።

የመለኪያው ችግር ፍጥነት ነው። ክስተቱ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ያንሳል፤ የኮምፕተኑ መሣሪያ ግን አንድ ነገር መከሰቱን የሚወስንበት አጭሩ ጊዜ 64 ሚሊ ሰከንድ ነበር፤ ስለዚህ ደማቆቹን ብቻ ያዘ። በዚያ ላይ ፎቶኖቹ ተከታትለው ሲዘንቡ መሣሪያው አንዱን እየመዘገበ ሌላው ያመልጠዋል፤ የጫፉ ቁጥር ካልታረመ ክስተቱ ከእውነተኛው የደከመና የረዘመ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ታራኒስ ምን ሆነ?

የፈረንሳይ ጠፈር ድርጅት ሳተላይት ነበር፤ ኅዳር 17 ቀን 2020 ከቬጋ ሮኬት ጋር ጠፋ። በሮኬቱ የመጨረሻ ደረጃ ሞተሩን የሚያዞሩት ክፍሎች ገመዶች ተለዋውጠው በመገጠማቸው ትእዛዙ በተቃራኒ አቅጣጫ ተፈጸመ። ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ብርሃንን፣ ጋማን፣ ኤሌክትሮኖችንና የሬዲዮ ሞገድን ከአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ለመለካት የተሠራ ነበር።

ጥያቄ፦ ስፕራይት ከመሬት ፎቶ ማንሳት ይቻላል? ካሜራዬን የት ላነጣጥር?

ይቻላል። ነጎድጓዱ ከ150 እስከ 400 ኪሎ ሜትር የራቀና ከእናንተ በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሁን፤ ቅርብ ከሆነ ደመናው ራሱ ይጋርዳል። በ300 ኪሎ ሜትር ርቀት የምድር ክብነት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይደብቃል፤ ስለዚህ የስፕራይቱ ሥር (50 ኪሎ ሜትር) ከአድማስ 8 ዲግሪ፣ ጫፉ (85 ኪሎ ሜትር) 15 ዲግሪ ላይ ይሆናል። የደመናው አናት ከ2 ዲግሪ በታች ስለሚቀር፣ አድማሱን ከፍሬሙ ግርጌ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። በሙሉ ፍሬም ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 40 በ27 ዲግሪ ስለሚያሳይ ይበቃል።

የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 1.4 ወይም 2፣ አይኤስኦ 3200 እና ከዚያ በላይ፣ በቪዲዮ በሰከንድ 25 ወይም 30 ፍሬም። ራስ ሰር ትኩረቱን አጥፍታችሁ በደማቅ ኮከብ ላይ በእጅ አስተካክሉ። የካሜራውን ሰዓት ቢያንስ በ1 ሰከንድ ውስጥ ከዩቲሲ ጋር አስማሙ፤ ያለ ሰዓት የተነሣ ስፕራይት ከመብረቅ መረጃ ጋር ሊጣመር አይችልም። የጊዜ ምርጫ ደግሞ የነጎድጓዱ ጫፍ ካለፈ በኋላ ይሻላል፤ ከኋላ በተዘረጋው ሰፊ የዝናብ ክፍል ፖዘቲቭ መብረቅ ይበዛል። የምታዩት ቀይ ነገር ከአንድ ፍሬም በላይ ሳይለወጥ ከቆየ፣ ወይም ከደማቅ መብራት ትይዩ ፍሬሙ መሐል ተገልብጦ ከታየ የሌንስ ነጸብራቅ ነው። ናሳ ስፕራይታኩላር በተባለው ፕሮጀክቱ የእንደዚህ ያሉ ምስሎችን ስብስብ ይቀበላል፤ ቦታና አቅጣጫም አያይዛችሁ ላኩ።

ጥያቄ፦ ተወርዋሪ ኮከብ የመብረቅ መሣሪያን ያታልላል?

ደማቅ ከሆነ አዎ። ጂኤልኤም ትላልቅ ተወርዋሪዎችን ይመዘግባል። ሁለት ምልክቶች ይለያሉ። የመብረቅ ብርሃን ተቆራርጦ የሚዘል ሲሆን፣ የተወርዋሪው ግን ለስለስ ብሎ ይወጣና ይወርዳል። ሁለተኛው ቦታ ነው፤ ሶፍትዌሩ ከደመና ከፍታ እንደመጣ ስለሚቆጥረው፣ በምሥራቁና በምዕራቡ ጎስ ሳተላይት የተመዘገበው ነጥብ በካርታ ላይ አይገጥምም፤ የልዩነታቸው መጠን ደግሞ የተወርዋሪውን ትክክለኛ ከፍታ ለማስላት ያገለግላል።