የቤት ስቱዲዮ ለምትጀምሩ፦ ገንዘባችሁ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ?

ውድ ወጣቶች፣

የቤት ስቱዲዮ ለመጀመር ያሰቡ ልጆች ምክር ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ ከመቅጃ ሶፍትዌር ይጀምራል፤ «የትኛው ይሻላል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቃቸው የሚቀዱት ምን እንደሆነና በየትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚቀዱት ነው። ይህን የማደርገው ጥያቄውን ለመሸሽ አይደለም። በድምፅ ሥራ ውስጥ ኋላ ሊታረም የሚችል ነገር አለ፤ የማይታረምም አለ። ሶፍትዌር በፈለጋችሁ ጊዜ ይቀየራል፤ የክፍሉ ማስተጋባት የገባበት ወይም ከልክ በላይ ጮኾ ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ ግን አንዴ ከተቀዳ በኋላ የትኛውም ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር የድምፅ ማስተካከያ) እንደነበረ አይመልሰውም። ስለዚህ ገንዘባችሁም ትኩረታችሁም አስቀድሞ ወደማይታረመው ይሂድ።

ከክፍሉ ልጀምር። ለመቅዳት ባሰባችሁበት ቦታ ቆማችሁ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ቀጥሎ ቀጭን የሚርገበገብ ድምፅ ከተሰማችሁ፣ ትይዩ የቆሙት ባዶ ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው ማለት ነው፤ ያው መርገብገብ በዘፋኙ ድምፅ ላይም ይገባል። አልጋ፣ ወፍራም መጋረጃ ወይም ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ወዳለበት ጥግ ተጠግታችሁ እንደገና አጨብጭቡና ልዩነቱን ስሙት። ወፍራም ብርድ ልብስ ከሰቀላችሁም ከማይኩ ጀርባ ብቻ አትስቀሉት፤ አብዛኛው የድምፅ ማይክ በይበልጥ የሚሰማው ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን በመሆኑ፣ መሸፈን ያለበት ከዘፋኙ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ስስ ስፖንጅ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። እንደ ቤዝ ያለ ወፍራም የ100 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ውጦ ወፍራሙን እንዳለ ይተወዋል፤ ክፍሉም ጸጥ ያለ ይመስላል እንጂ የታፈነ ድምፅ ይሰጣችኋል። የእንቁላል መያዣ ካርቶንማ ከዚህም ያነሰ ነው።

የማይክ ምርጫ የሚከተለው ክፍሉን ነው። ኮንደንሰር ማይክ ረቂቅ ነገር ሁሉ ይሰማል፤ ይህ ጸጥ ባለና በተስተካከለ ክፍል ውስጥ በጎነቱ ሲሆን፣ የመንገድ ጫጫታና የላፕቶፕ ማራገቢያ ድምፅ በሚገባበት ክፍል ውስጥ ግን ጥፋቱ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ረቂቁን ያን ያህል የማይሰማው ዳይናሚክ ማይክ ወደ አፍ ተጠግቶ ቢሠራበት ይሻላል። ከ1966 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው ዳይናሚክ ማይክ፣ የሹር ኤስኤም58፣ ዛሬም በየመድረኩ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። በየትኛውም ማይክ ብትሠሩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርቀት ጥሩ መነሻ ነው፤ ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱት በቀጥታ ወደ ማይኩ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ሲጨምር፣ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቀራል። የአፍን ትንፋሽ ከማይኩ ከሚከልል ርካሽ ፖፕ ፊልተርና ከማይወዛወዝ ስታንድ ጋር ይህ ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ብዙዎች ሳውንድ ካርድ የሚሉት፣ ለጀማሪ ሁለት መግቢያ ያለው ይበቃዋል። የኮንደንሰር ማይክ የሚፈልገውን 48 ቮልት መስጠቱንና ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ የራሱ የአሲዮ ድራይቨር (ድምፁ ብዙ ሳይዘገይ እንዲያልፍ የሚያደርግ ፕሮግራም) እንዳለው አረጋግጡ። ጀማሪዎችን ከምንም በላይ የሚያስመርረው ዘፋኙ የራሱን ድምፅ በማዳመጫ ዘግይቶ መስማቱ ነው፤ ዕቃው የተበላሸ መስሏቸው ሌላ የሚገዙም አሉ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው በሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ወይም የድምፅ ናሙና) ስትቀዱ በፈሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመው የድምፅ መጠን፣ 1024 ሳምፕል ከሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ 128 ስታደርጉት ግን ወደ 2.7 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ስትቀዱ ዝቅ አድርጉት፤ ፕለጊን አብዝታችሁ ሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች ማቀላቀል) ስትሠሩ ኮምፒውተሩ እንዳይንተፋተፍ መልሳችሁ ከፍ አድርጉት። በ24 ቢት (ለዝቅተኛ ድምፅም በቂ ጥራት በሚሰጠው ቅንብር) ከቀዳችሁ ደግሞ ድምፁን ጫፉ መቆረጥ ወደሚጀምርበት ዜሮ ዴሲቤል ለማስጠጋት መጨነቅ አያስፈልግም፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 10 ወይም 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢውል ዘፋኙ ስሜት ውስጥ ገብቶ ሲጮኽ የሚተርፍ ቦታ ይኖራችኋል።

ስፒከር ይቆይ። ጆሮን የሚሸፍን ዝግ ማዳመጫ አስቀድማችሁ ግዙ፤ በቀረጻ ጊዜ የማጀቢያው ሙዚቃ ወደ ማይኩ እንዳይገባ የሚከለክለው እርሱ ነው፤ ሚክሲንግም በእርሱ ይጀመራል። በትንሽ ክፍል ውስጥ ትልቅ ስፒከር የሚያሰማችሁ የዘፈኑን ቤዝ ሳይሆን የክፍሉን ነው። ጠንቅቃችሁ የምታውቋቸውን ዘፈኖች በዚያው ማዳመጫ ደጋግማችሁ ስሙና የራሳችሁን ሥራ ከእነርሱ ጋር አስተያዩ። ድምፁንም ረጋ አድርጉት፤ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት የሚፈቅደው የታወቀ የጥንቃቄ መመሪያ፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደውን ጊዜ በግማሽ ይቀንሰዋል። የተጎዳ ጆሮ ደግሞ ከማይታረሙት ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ኩቤዝ፣ ሎጂክ፣ ኤብልተን ላይቭ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ፕሮ ቱልስ፣ ሪፐር፣ ሁሉም ይቀዳሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ያቀላቅላሉ፤ አድማጭ ዘፈኑን ሰምቶ በየትኛው እንደተሠራ አይለይም። የሚለያዩት በአሠራር ልማድ ነው። ቢት ደራርቦ ለሚሠራ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ሉፕ (የሚደጋገም አጭር ሙዚቃ) እያቀያየረ ለሚፈጥርና መድረክ ላይ ለሚጫወት ኤብልተን፣ በርካታ ሰው የሚጫወተውን ለሚቀዳ ፕሮ ቱልስ ወይም ሪፐር ይቀላል። የአፕል ኮምፒውተር ካላችሁ ጋራዥባንድ በነጻ ይገኛል፤ በእርሱ የጀመራችሁትን ፕሮጀክት ኋላ ሎጂክ ይከፍተዋል። ደከም ያለ ኮምፒውተር ላላቸው ምርጫዬ ሪፐር ነው፤ ቀላል ነው፣ ምንም ሳይጎድልበትም ለ60 ቀን ይሞከራል። ኦዳሲቲ ለቀረጻና ለቆረጣ ጥሩ ነው፤ በሚዲ (የትኛው ኖታ መቼ እንደተነካ ለኮምፒውተር በሚያስተላልፈው የመሣሪያዎች መግባቢያ) ሙዚቃ ለማቀናበር ግን አልተሠራም። አንዱን መርጣችሁ ቢያንስ ለአንድ ዓመት አትቀይሩት። ክራክ የተደረገውንም (ያለ ፈቃድ ተሰብሮ የተከፈተውን) ተዉት፤ ነጻና ርካሽ እያለ ኮምፒውተራችሁን ለቫይረስ፣ ሥራችሁን ለማይከፈት ፋይል ማጋለጥ አያዋጣም።

ስለ ሚዲ ኪቦርድ ብዙ አልልም። የሚዲ ደንብ ከ1983 ጀምሮ ስላለ፣ ባለ አምስት ፒን መውጫ ያለው አሮጌ ኪቦርድም ሚዲ መግቢያ ካለው ኢንተርፌስ ጋር ዛሬም ይሠራል፤ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ሞክሩ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ብዙ ልጆች የሚዘነጉትም እርሱን ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ የፕሮጀክቱን ፋይል ብቻ አታስቀምጡ። እያንዳንዱን ትራክ (ለየብቻ የተቀዳውን ድምፅ)፣ ድምፁ የሚገባው መሀል ላይ ቢሆንም እንኳ፣ ከዘፈኑ መጀመሪያ አንስታችሁ በዌቭ ፋይል አውጡት፤ የዘፈኑን ፍጥነትም በፎልደሩ ስም ላይ ጻፉ። ፎልደሩን በሁለት ቅጂ አስቀምጡት፤ አንዱ ከኮምፒውተሩ ውጭ ባለ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ከዓመታት በኋላ ያኔ የነበራችሁ ፕለጊን ቢጠፋም እነዚህ ትራኮች በየትኛውም ሶፍትዌር ከአንድ መነሻ ተሰልፈው ይከፈታሉ።