በሌሊት የሚወሰን ፍቺ

«34 ዓመቴ ነው። ከተጋባን 7 ዓመት ሆነን፤ የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ ልፈታው ወስኜ ሦስት ጊዜ ሐሳቤን ቀየርኩ። ማታ ስንጣላ ‹በቃኝ› እላለሁ። እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ሳስብ ሳስብ ሌሊት ላይ መወሰኔን በስልክ እጽፍለታለሁ። ጠዋት የልጄን ጫማ ሳስር ግን ሁሉም ነገር ይፈርስብኛል። እሱ ደግሞ ስንጨቃጨቅ በሩን ዘግቶ በረንዳ ላይ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይመለስና ‹በይ አሁን እንነጋገር› ይለኛል። የናቀኝ ይመስለኛል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እተኛለሁ። ጓደኞቼ ቆራጥነት የለሽም ይሉኛል። እንዴት ነው ቆራጥ የምሆነው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ረጅም ስለነበር አሳጥሬ ነው ያቀረብኩት። ሙሉውን ግን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት አንድ ነገር ፍለጋ ነበር፤ የምትጣሉበትን ምክንያት። አጣሁት። በሩ እንዴት እንደሚዘጋ ጽፈሻል። እሱ ሲወጣ ምን እንደሚሰማሽ ጽፈሻል። ጠቡ በምን እንደሚነሳ ግን አንድ መስመር የለም። የደበቅሽኝ አይመስለኝም። ለአንቺም የጠፋብሽ ይመስለኛል።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። መልእክትሽ የደረሰኝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ላይ ነው።

ቆራጥነት የለኝም ባልሽው አልስማማም። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ትዳር ለማፍረስ የቆረጠ ሰው መቁረጥ አልተቸገረም። መቆየት ነው የቸገረሽ። ጥያቄው ሳይመለስ ማደር፣ ሳይመለስ መዋል አቃተሽ።

ስንናደድ አንጎላችን ውስጥ ያለው አሚግዳላ የሚባል ክፍል የአደጋ ደወል ይደውላል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ይረጫሉ፣ ልብ ይደልቃል፣ መንጋጋ ይነከሳል። ከግንባራችን ጀርባ ያለውና ነገር የሚያመዛዝንልን ክፍል በዚህ ሰዓት ይደክማል። ሰውነት የሚያውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ መጋፈጥ ወይም መሸሽ። ሌሎች መንገዶች ቢኖሩም አይታዩትም።

ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ የልብ ምታቸውን እየለካ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። በጭቅጭቅ መሀል የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ የሌላውን ቃል በወጉ መስማት ይከብዳል ይላል። ለመብረድ ደግሞ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልጋል። በአንድ ወቅት እሱና ባልደረቦቹ የሚጨቃጨቁ ጥንዶችን «መሣሪያችን ተበላሸ» ብለው አስቁመው ለግማሽ ሰዓት መጽሔት እንዲያነቡ አደረጓቸው። ወሬውን ሲቀጥሉ ልባቸው በርዶ ነበር፤ አነጋገራቸውም ለስልሶ ነበር።

ግማሽ ሰዓት። ባልሽ በረንዳ ላይ የሚቆየውን ያህል ማለት ነው።

ይህን ስልሽ ቅር ሊልሽ እንደሚችል አውቃለሁ። ደግሞ እሱም ጥፋት አለበት። «ትንሽ ልብረድና እመለሳለሁ» ብሎ ቢወጣ አንቺ ያን ግማሽ ሰዓት ተጥዬ ቀረሁ እያልሽ አታሳልፊውም ነበር። ነገር ግን እሱ ይመለሳል። ተመልሶም እንነጋገር ይላል። አንቺ የናቀሽ የመሰለሽ ሰዓት፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ሳየው፣ በዚያ ሌሊት ለመነጋገር የተሻለው ሰዓት ነበር።

«እኔስ ዝም ብዬ ተኝቼ ነው የማስበው» ትይኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ረጋ ብለሽ እንድታነቢኝ የምፈልገው። ጨለማ ውስጥ ጣሪያ እያየሽ «እንዲህ አለኝ፤ እንዲህ ብዬ ብመልስለት ኖሮ» የምትይው ማሰብ አይደለም። ጠቡን መድገም ነው። ክፍሉ ጸጥ ቢልም ሰውነትሽ ጭቅጭቁ ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ አይበርድም። ሌሊት ላይ ስልኩን አንስተሽ «ወስኛለሁ» ብለሽ ስትልኪ ምን ይሰማሻል? ትንሽ እፎይታ፣ አይደል? ምናልባት ያኔ እንቅልፍ ይወስድሻል። ያ ውሳኔ የራስ ምታት ኪኒን ሆኖልሻል። የወሰድሽው ስቃዩን ለማስታገስ እንጂ ትዳርሽን አይተሽ አይደለም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሌሊት አትወስኚ፣ ጠዋት ወስኚ» ይላል። እኔ ግን የጠዋቱ ውሳኔሽም እኩል ያሳስበኛል። ጎንበስ ብለሽ የልጅሽን ጫማ እያሰርሽ ነው። ትንሿን እግር በእጅሽ ይዘሻል። ፍርሃት ይመጣል፤ ይህ ልጅ ምን ይሆናል? ወዲያው «ተውኩት» ትያለሽ። ደግሞ እፎይ። ማታ ከንዴት ሸሸሽ፣ ጠዋት ከፍርሃት ሸሸሽ። በሁለቱም ሰዓት ትዳሩን ቀና ብሎ ያየው የለም። ጓደኞችሽ የመሐላሽ መፍረስ ታይቷቸዋል። እኔን ያሳዘነኝ ግን ሁለት የሸሹ ሰዎች፣ የማታዋ አንቺና የጠዋቷ አንቺ፣ በየተራ እየወሰኑልሽ፣ አንቺ ራስሽ ገና አለመጠየቅሽ ነው።

በቋንቋችን ለዚህ የሚሆን ግሩም አነጋገር አለ፤ ቀልብን መሰብሰብ። የተበተነ ነገር ነው የሚሰበሰበው። አእምሮን ባዶ ማድረግ አያሻም፤ አለመናደድ ወይም አለመፍራትም አይጠበቅብሽም። ንዴቱም ፍርሃቱም አብረውሽ ይቀመጡ። «ፍርሃት ይሰማኛል» ብለሽ ለምንም ነገር ሳትጣደፊ አንድ ሩብ ሰዓት መቆየት ከቻልሽ ቀልብሽ መሰብሰብ ጀምሯል። መጀመሪያ ላይ ደስ አይልም። ከዚያ ቀስ እያለ ሌላ ጥያቄ ብቅ ይላል። «ልፍታው ወይስ አልፍታው» ከሚለው ያነሰ፣ ግን የበለጠ እውነት የሆነ ጥያቄ። «መቼ ነው ብቸኝነት የተሰማኝ?» ሊሆን ይችላል። «ምን ጠይቄው ነው እምቢ ያለኝ?» ሊሆን ይችላል። ከደብዳቤሽ የጎደለው መስመር እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ምን ላድርግ ካልሽኝ ጥቂት ነገር ልበል፤ እንደሁኔታሽ መዝኚው። ለጊዜው፣ ለአንድ ወር እንበል፣ ሌሊት ስለ ትዳራችሁ ምንም አትላኪ። መጻፍ ካስፈለገሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ይደር። ልብሽ ሲደልቅ ትንፋሽሽን ከምታስገቢበት በረዘመ ጊዜ ቀስ ብለሽ አስወጪው፤ ልብን ያበርዳል፣ ችግሩን ግን አይፈታም። ከዚያ ሁለታችሁም አንድ ላይ የትዳር አማካሪ ፊት ብትቀመጡ ደስ ይለኛል። እኔ የሰማሁት የአንድ ሰው ቃል ነው፤ እሱም በሌሊት የተጻፈ። አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ቤት ውስጥ ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለና ሳትነግሪኝ ከቀረሽ፣ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ተይው። ያኔ የሚቀድመው የአንቺና የልጅሽ ደኅንነት ነው፤ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪ።

የመጨረሻውን ውሳኔ በተመለከተ፣ መፋታትም አብሮ መኖርም ለአንቺ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም፤ አንቺም ገና ያወቅሽው አይመስለኝም። አትቸኩዪ።

በሚቀጥለው ጊዜ ከበረንዳው ሲመለስ ግን ፊትሽን ወደ ግድግዳው አታዙሪ። መልስ ባይኖርሽም ተነስተሽ ተቀመጪ። እሱ ምን ብሎ እንደነገረሽ ጻፊልኝ፤ ከቻልሽ በቀን።