ማንም ሳይመድበኝ የቡድኑ ጸሐፊ ሆንኩ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ሆነን፣ በኢንተርኔት ብቻ እየተገናኘን አንድ የሶፍትዌር ፕሮጀክት እንሠራለን። የተቀጠርኩት ኮድ ለመጻፍ ቢሆንም፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘው፣ ቀጠሮ የማስታውሰውና ዝም ያለውን የምጎተጉተው እኔ ሆኛለሁ። ይህ ሥራ እንዴት ወደ እኔ መጣ? እንዴትስ ላካፍለው?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሥራውን ማንም አውቆ የጫነብዎ አይመስለንም። አንድ ቢሮ የሚውሉ ሰዎች ማን ምን እንደሚሠራ በዓይናቸው ያያሉ፤ ተራርቆ በሚሠራ ቡድን ውስጥ ግን ያልተጻፈ ነገር ስለማይታይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ የመለሰ ሰው ሳያስበው የመልእክቱ ሁሉ መተላለፊያ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ባልደረቦቹ ጥያቄያቸውን ለቡድኑ መላክ ትተው ለእሱ ብቻ ይልካሉ። የቡድን ሥራን ያጠኑት ኬኔት ቤንና ፖል ሺትስ እ.ኤ.አ. በ1948 የቡድን አባላትን ድርሻ ሲዘረዝሩ፣ መዝጋቢውንና ዝም ላለው የመናገሪያ በር የሚከፍተውን ለየብቻ አስቀምጠዋቸው ነበር። እርስዎ ሁለቱንም ደርበው ይዘዋል።

በእናንተ ቡድን ደግሞ የሰዓቱ ጣጣ አለ። ዋሽንግተን ያለው ባልደረባ «በ10 ሰዓት እንገናኝ» ብሎ የጠዋቱን ሲጽፍ፣ በበጋቸው ወራት ለአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 12 ሰዓት ይሆናል። ይህን አንድ ጊዜ አስልቶ የነገራቸውን ሰው ሁልጊዜ መጠየቃቸው አይቀርም። የሰዓት ልዩነቱን ራሱ የሚያስተካክል የጋራ የቀን መቁጠሪያ ከተጠቀማችሁ ግን ይህ ሥራ ከማንም ጫንቃ ላይ ይወርዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ዝምታው ነው። ተመራማሪዋ ካትሪን ክራምተን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ተራርቀው አብረው በሠሩ የተማሪ ቡድኖች ውስጥ ዝምታ ለአንዱ «ተስማምቻለሁ»፣ ለሌላው «በጭራሽ አልስማማም»፣ ለሦስተኛው «ከከተማ ወጥቻለሁ» ማለት እንደነበር አሳይተዋል። ስለዚህ ጉትጎታውን ለሌላ ሰው ከማስተላለፍ ይልቅ፣ ለዝምታ አንድ ትርጉም ብትሰጡት ይሻላል፤ ለምሳሌ እስከ ሐሙስ ማታ ያልመለሰ እንደተስማማ ይቆጠራል ብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

ቃለ ጉባኤው ግን በተራ መያዝ አለበት። በድንገት ቢያቆሙ ጥፋተኛ የሚባሉት እርስዎ ስለሚሆኑ፣ በቅድሚያ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድብዎ መዝግበው ለቡድን መሪው ያሳዩ፤ የተራው ዝርዝርም በመሪው ስም ይውጣ። ተረኛው ሳይጽፍ ቢቀር ደግሞ እርስዎ አይጻፉለት።