የእናቱ እግር ዝሆኔ ነው፤ ላግባው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። 26 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ሆነን። ለፋሲካ ምሥራቅ ጎጃም ቤተሰቦቹ ዘንድ ወሰደኝ። እናቱ እግራቸው ዝሆኔ ነው። ይህን ቤት ስናገር እናቴ «በዘር ነው፤ እስከ ልጅ ልጅሽ ይከተልሻል» ብላ ሽማግሌ አልቀበልም አለች። እውነት በዘር ነው? ይተላለፋል? ደግሞ እርስዎ ሁሌ «የበሽታ ጫና እንቆጥራለን» ይላሉ። የእኚህ ሴትዮ እግር የት ላይ ነው የሚቆጠረው? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ የቸኮልሽበትን ላስቀድም። አይተላለፍም። ከሴትየዋ ጋር በአንድ ትሪ ብትበይ፣ እግራቸውን ብታጥቢያቸው፣ አልጋቸው ላይ ብትተኚ አይዝሽም።

ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት እዚሁ አገራችን ይሠራ የነበረው ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ነገሩ የአፈር ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ደቃቅ ብናኝ በቆዳው ይገባል። ውስጥ ያለውን የሊምፍ ቱቦ፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽ ከእግር የሚመልሰውን፣ ያስቆጣዋል፣ ይዘጋዋል። እግሩም ከታች ወደ ላይ እያበጠ ይሄዳል። ቆላ ላይ ትንኝ የምታመጣው ሌላ ዝሆኔ አለ፤ እሱ በትል የሚመጣ ነው። የትኛው እንደሆነ ጤና ጣቢያ ይታዩ። ደገኛ ከሆኑ ግን እኔ አፈሩን ነው የምጠረጥረው።

እናትሽም ጨርሶ አልተሳሳቱም። በአንድ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ካደጉት የሚታመሙት ጥቂቶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ተጋላጭነቱ ከዘር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ እብጠቱ አይደለም። ልጅሽ ቆሞ መሄድ ከጀመረ ቀን አንስቶ ጫማ ካደረገ አፈሩ መግቢያ የለውም። እኔን ብትጠይቂኝ ይህ በሽታ የጫማ መግዣ ያጣ ሰው በሽታ ነው። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው አለበት ተብሎ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ የቦሌ ልጅ ፈልጊና አግኚ እስቲ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን ጠዘጠዘኝ።

ጫና ስንቆጥር ሁለት ነገር እንደምራለን። አንዱ ሰው ያለ ዕድሜው ሲሞት የጠፉት ዓመታት ነው። ሌላው በሕይወት እያለ ከጤናው የተሸረፈው ነው። ለዚህኛው እያንዳንዱ ሕመም ክብደት ይሰጠዋል፦ 0 ሙሉ ጤና፣ 1 ሞት። ለአማትሽ እግር የምንጠቀምበት 0.109 ነው፤ ያውም ከትንኙ ዝሆኔ የተዋስነው። እንግዲህ በዚያ እግር ዘጠኝ ዓመት መኖር እኛ ጋ አንድ የጠፋ ዓመት ገደማ ሆኖ ይመዘገባል።

ክብደቱ የወጣው ሰው በመጠየቅ ነው። ባንግላዴሽ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፔሩ፣ ታንዛኒያና አሜሪካ ያሉ ተራ ሰዎች የሁለት ሰው ሁኔታ በአጭሩ ይነገራቸውና «ከሁለቱ ጤነኛው የትኛው ነው?» ይባላሉ። የዝሆኔው መግለጫ እግሩ አብጧል፣ ቆዳው ጠንክሮ ወፍሯል፣ መንቀሳቀስ ያስቸግረዋል የሚል ነው። አለቀ። ሽማግሌው የተመለሰበት ልጅ እዚያ ውስጥ የለም።

አንድ ጊዜ ጎጃም ውስጥ ቤት ለቤት ስንመዘግብ አንዲት እናት ቀሚሳቸውን እስከ መሬት ለቀው መደብ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን ማየት ነበረብኝ። «ልጄ፣ በሩን ዝጊው» አሉኝ። ከዘጋሁት በኋላ ነው የገለጡት። «በዓመት ስንት ጊዜ ትኩሳትና ሕመሙ ይነሳብዎታል?» አልኳቸው። «ሲተወኝ ነው እንጂ ሲነሳብኝ አልቆጥርም» አሉ። እኔ ቅጹ ላይ ቁጥር መጻፍ ነበረብኝ። ባዶ ተውኩት፤ አለቃዬ ተቆጣኝ።

ለማንኛውም ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ታማሚዎችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እንክብካቤው ወዲያው ያልተጀመረላቸው በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ገደማ ተነስቶባቸዋል። እግራቸውን እየታጠቡ፣ እየተቀቡና ጫማ እያደረጉ የቆዩት 19 ጊዜ ገደማ። ተአምር አይደለም። ግን አምስት ጊዜ በትኩሳት አልጋ ላይ ከመዋል መዳን ቀላል ነው?

ስለዚህ እጮኛሽ እናቱን ጤና ጣቢያ ይውሰዳቸው። በየቀኑ በሳፋ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ። ውሃው ላይ ትንሽ በረኪና ይጨመራል፤ መጠኑን ባለሙያው ያሳያቸው፣ በግምት እንዳታደርጉት። በጣቶቹ መሃል በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ ቅባት፣ ካልሲ፣ ጫማ። ሲቀመጡና ሲተኙ እግራቸው ከፍ ይበል። ጫማው ላይ ትቸገራላችሁ፤ የሱቅ ጫማ አይገባቸውም። ልክ ወስዶ የሚሰፋ ጫማ ሠሪ ፈልጉ።

ላግባው ላልሽው፣ በዝሆኔ ምክንያት አትተዪው። በሌላ ምክንያት ከሆነ እሱን እኔ አላውቅም። ይህን ለእናትሽ አንብቢላቸው። ያልተዋጠላቸው ነገር ካለ እሳቸውም ይጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።